ሃያ አምስት ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ

መምህርት ሸዋረጋ በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማር ዘመኗ ድምፅ ጠፍቶባት አያውቅም ነበር። ኮልፌ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ስታስተምር ድምጿ ሁለት ክፍል አልፎ ይሰማል። ጎረቤት ክፍል ያለው የሒሳብ መምህር ጉዲሳ፣ "የኔ ልጆች ካንቺ የሚማሩት ሳይንስ ከኔ ከሚማሩት ሒሳብ ሳይበልጥ አይቀርም" እያለ ይቀልድባት ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ፣ የስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ያ ድምፅ ድንገት ተዘጋ። መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ጠፋ። ቤቴል በሚባለው ሰፈሯ ያለ ክሊኒክ ሄዳ ታየች። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመብራት አይቶ፣ "የድምፅ አውታርዎ አብጧል። ለአሥር ቀን አይናገሩ" አላት።

"አስተማሪ ነኝ እኮ" አለችው በሹክሹክታ።

"ለዚህ ነዋ ያበጠው" አለ ሐኪሙ መድኃኒቱን እየጻፈ።

በማግስቱ ክፍል ገባች። ፈተና ደርሶ እንዴት ቤት ትቀመጣለች? ክለሳውን ሰሌዳ ላይ ልትጽፍላቸው ሞከረች፤ ግን ፊቷን ወደ ሰሌዳው ባዞረች ቁጥር ከኋላዋ ገበያው ይደራል። ምሳ በልተው የገቡ ሃምሳ ሁለት ልጆች፣ የጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ድምፅ የሌላት አስተማሪ። ከሁሉም በላይ የጎደላት ግን ሌላ ነገር ነበር። ሁልጊዜ አንድ ትምህርት ስትጨርስ "ገባችሁ?" ትላለች፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ገብቶናል ቲቸር" ይላል። ያን መልስ ሰምታ ነው ተደስታ ወደ ቤቷ የምትሄደው። አሁን "ገባችሁ?" የምትልበት አንደበት እንኳ አጣች።

በእረፍት ሰዓት የአይሲቲ መምህሩ ኢህሳን የመምህራን ክፍል ድረስ መጣ። ኢህሳን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሳንሱሲ ነው የሚመላለሰው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እዚሁ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ራሷ ሸዋረጋ አስተምራዋለች። አሁን የሥራ ባልደረባዋ ሆኖ እንኳ በስሟ መጥራት አልሆንልህ ብሎታል።

"ቲቸር፣ ስቶር ውስጥ ሠላሳ ታብሌት አለ" አላት። "በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ ከነሳጥናቸው አንድ ዓመት ከረሙ። አውጥቼ ቻርጅ አድርጌያቸዋለሁ። በኢንተርኔት የሚሠራ የጥያቄ ጨዋታ አለ። እርስዎ ጥያቄዎቹን ይጻፉልኝ፤ መጠየቁን ማሽኑ ይጠይቅልዎታል።"

ሸዋረጋ ወረቀት ሳበችና "ጨዋታ? ፈተና ደርሶ?" ብላ ጻፈችለት።

ኢህሳን አንብቦ ፈገግ አለ። "አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይስጡኝ። ካልወደዱት ወደ ሳጥናቸው እመልሳቸዋለሁ።"

ሌላ ምርጫም አልነበራት። አሥራ ሁለት ጥያቄ አወጣች፤ ለእያንዳንዱ አራት አማራጭ ጻፈች፤ ትክክለኛውን መልስ በእስክርቢቶ ከበበችና ሰጠችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የኮምፒውተር ክፍል ገቡ። ኢህሳን መስኮቶቹን በካርቶን ሸፍኖ ክፍሉን አጨልሞታል። ፕሮጀክተሩ ከበሩ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ነጩን ግድግዳ ያበራል። ኔትወርክ የሚሻለው መስኮቱ ጋ ነው ብሎ ኢንተርኔቱን የሚያጋራበትን ስልኩን እዚያ ሰቅሎታል። ለሁለት ልጅ አንድ ታብሌት ደረሰ፤ ሃያ ስድስት ቡድን ሆኑ። እያንዳንዱ ቡድን የፈለገውን ስም ያወጣል፤ ማን ማን እንደሆነ ግድግዳው ላይ አይታወቅም። ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፦ አንበሶቹ፣ ዋይፋይ፣ አስኮ ሲቲ፣ የጠፋ ደብተር፣ ሳንቡሳ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሸዋረጋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ይዛ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ በከንቱ ሄደ ብላ በልቧ እያዘነች ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወጣ። "ተክሎች ምግባቸውን በዋናነት የሚያዘጋጁት በየትኛው ክፍላቸው ነው?" ከሥሩ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሣጥን፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አማራጭ። ሙዚቃ ተለቀቀ፤ ሰዓቱ ከሃያ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሸዋረጋ ቀና አለች። ይህን ክፍል ጸጥ ለማሰኘት ስንት ዓመት ጮኻለች! አሁን ሃምሳ ሁለት ጭንቅላት ሁለት ሁለት ሆኖ ተደፍቶ፣ በሹክሹክታ እየተከራከረ፣ እየተነቃነቀ፣ ጣት አንስቶ መልሶ እያወረደ ነው። እንቅልፋሙ ገመቹ እንኳ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቆሟል።

ሰዓቱ አለቀ። ግድግዳው ላይ አራት ዓምድ ተተከለ። አሥራ ዘጠኙ "ቅጠል" ብሏል፤ ሰባቱ "ሥር"።

ሰባት! ሸዋረጋ ዓይኗን ከዓምዱ መንቀል አቃታት። ሰባት ቡድን ማለት አሥራ አራት ልጅ ነው። እነዚህ አሥራ አራት ልጆች በጥቅምት "ገብቶናል ቲቸር" ብለዋት ነበር፤ ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሰምታዋለች። ደብተሯን ገልጣ "ሥር — 7" ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ጥያቄ አምስት ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው አሥራ አንድ። ልጆቹ ማን አንደኛ ወጣ እያሉ ደረጃ ሲቆጥሩ፣ እሷ የምታየው ዓምዶቹን ብቻ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊቷ ተቀምጦ አንድም ቀን አይታው የማታውቀው ነገር፣ የልጆቹ ሐሳብ፣ በቀለም ተለይቶ ግድግዳ ላይ ቆሞ አየች።

ዘጠነኛው ጥያቄ የምትኮራበት ነበር። "ጨረቃ በየወሩ አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ግማሽ፣ አንዳንዴ እንደ ጥፍር ቀጭን ሆና የምትታየን ለምንድን ነው?" በየዓመቱ ይህን ስታስተምር ምድርን ትልቅ ክብ አድርጋ ትስላለች፤ የጠመኔውን ጎን አጋድማ ጥላውን እያሸች ጨረቃዋ ላይ ታሳርፈዋለች። ልጆቹ ሁልጊዜ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት።

ሰዓቱ አለቀ። ቀይ፣ "የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት"፣ ሃያ አምስት። አረንጓዴ፣ "በፀሐይ የበራ ጎኗን ከተለያየ አቅጣጫ ስለምናየው"፣ አንድ። ቀዩ ላይ የትክክል ምልክት ወጣ፤ ክፍሉ በደስታ ጮኸ።

ሸዋረጋ ደስ አላት። ቢያንስ ይህን በደንብ አስተምሬዋለሁ አለች። ከዚያ ያቺን አንዲት አረንጓዴ አየችና አዘነችላት። ከክፍሉ ሁሉ ተለይቶ ያልገባው ማን ይሆን? ኢህሳንን በእጇ ምልክት ጠየቀችው። ኢህሳን ላፕቶፑን አየና፣ "ሳንቡሳ ማናችሁ?" አለ።

ምላሷ ማረፍ የማይሆንላት ማራናታ ከመሃል ረድፍ እጇን አወጣች። "እኛ ነን ቲቸር። ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ቀዩን ልጫን ስል አልፊያ እጄን ያዘችኝ።"

ክፍሉ ሳቀ። ከማራናታ አጠገብ የተቀመጠችው አልፊያ አንገቷን ደፋች። አባቷ አህመድ ኮልፌ ገበያ አጠገብ የቆርቆሮ ሥራ ቤት አለው፤ ባልዲና ምድጃ ይሠራል። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ ውጤቷም ከመሃል አይወጣም አይወርድም። ሸዋረጋ ዓመቱን ሙሉ የአልፊያን ድምፅ የሰማችው ስም ስትጠራ "አቤት" ስትል ብቻ ነው።

ድምፅ ቢኖራት ኖሮ ሸዋረጋ የምታደርገው የታወቀ ነበር። "እስቲ ልጆች ንገሯት" ትላለች፤ ሃምሳ አንዱ "የምድር ጥላ" ብሎ ይጮኻል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አሁን ግን ከወንበሯ ተነሥታ፣ በረድፎቹ መሃል አልፋ፣ አልፊያ አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

"ለምን አረንጓዴውን መረጥሽ?"

አልፊያ ቀና ብላ ሳታያት መለሰች። "ፈተና ላይም እንደዚሁ ጽፌ ነበር ቲቸር። ኤክስ አደረጉብኝ።"

ሸዋረጋ ትዝ አላላትም። "ንገሪኝ እስቲ" አለች።

"ረመዳን ሲገባ ጨረቃዋን ለማየት ጣሪያ ላይ እንወጣለን" አለች አልፊያ፤ ድምጿ ቀጭን ነው፤ ክፍሉ ሊሰማት ዝም አለ። "አያቴ ሁልጊዜ ፀሐይ የጠለቀችበትን ተመልከቱ ይሉናል። ፀሐይ ወጨጫ ተራራ ጀርባ እንደገባች ጨረቃዋ እዚያው ከበላይዋ ናት። ቀጭን ናት፤ የበራው ጠርዟ ወደ ፀሐይ ነው የዞረው።" ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች። "ምድር ጥላዋን ጨረቃ ላይ እንድትጥል መሃል መግባት አለባት አይደል? ፀሐይ በአንድ በኩል፣ ጨረቃ በሌላ በኩል። ያን ቀን ግን ሁለቱም በአንድ በኩል ናቸው። ምድር እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ መሃላቸው አይደለንም። ጥላችን በየት በኩል ይደርስባታል?"

ሸዋረጋ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምታሸውን ጥላ አሰበች።

ስንት ማታ ታክሲ ስትጠብቅ ያችን ቀጭን ጨረቃ በምዕራብ በኩል አይታታለች። ቆንጆ ናት ብላለች፤ አልፋታለች። ይህች ልጅ ግን አይታ ጠይቃለች። አስተማሪዋ ሌላ ብትላትም፣ ፈተና ላይ ኤክስ ብታገኝም፣ ሃያ አምስት ቡድን ቀዩን ሲጫን የጓደኛዋን እጅ ይዛ አረንጓዴውን ተጭናለች።

ሸዋረጋ ቀና ስትል የፕሮጀክተሩ ብርሃን ዓይኗን ወጋት። በጨለማው ክፍል ውስጥ አንድ መብራት ብቻ። ፀሐይ ናት፣ አለች በልቧ። እጆቿን ክብ አድርጋ የኳስ ቅርጽ አሳየች። ገመቹ ፊቱን ትንሽ ጨምደድ አድርጎ ከቦርሳው ከነጭ ካልሲ የተሠራ ኳስ አወጣ። ኳስ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም ስለ እሱ አላነሣም።

ሸዋረጋ ብርሃኑ መሃል ቆመች። ኳሱን በተዘረጋ ክንዷ ከራሷ ከፍ አድርጋ ይዛ ፊቷን ወደ ፕሮጀክተሩ አዞረች። ወደ እሷ የዞረው የኳሱ ጎን ጨለማ ነው። ቀስ ብላ ወደ ግራ መዞር ጀመረች። ጥቂት እንደዞረች በኳሱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርሃን ወጣ፤ ጥፍር የምታክል። ቆመች። የአልፊያ ጨረቃ ናት፤ የምትታየው በመብራቱ በኩል ነው፤ የማንም ጥላ አልነካትም። ደግሞ ዞረች፤ ግማሽ ሆነች። ዞረች፤ ወፈረች። ጀርባዋን ለመብራቱ ስትሰጥ ኳሱ ሙሉ ሆኖ በራ። በዚያው ቆማ ኳሱን ዝቅ ስታደርገው ብቻ የራሷ ጥላ አረፈበትና ጠቆረ።

ይህ ግርዶሽ ነው፣ አለች በልቧ። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት የጨረቃ ግርዶሽን ነው።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት በልጆች ፊት የካልሲ ኳስ ይዛ እንደገና ዞረች፤ ሁለተኛ ዞረች። ማንም አልሳቀም። በእጇ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሲያልፍ አየች፤ ጨረቃ ስትወለድ፣ ስትሞላ፣ ስትጎድል። ጌታ ሆይ፣ ይህ ሁሉ በየወሩ ከራሴ በላይ ሲሆን ነበር? ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ግርምቱ ነበር ያየለባት።

ኢህሳንን በእጇ ጠራችውና ጆሮው ላይ አንሾካሾከች። ኢህሳን ወደ ክፍሉ ዞረ።

"ቲቸር እንዲህ ይላሉ" አለ። "'ይህን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መልሱንም የከበብኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳስቼ አስተማርኩ። አልፊያ ልክ ናት።'" ከዚያ የራሱን ጨመረ። "እኔም ስድስተኛ ክፍል ከእሳቸው ነው የተማርኩት። እስካሁን ብትጠይቁኝ ቀዩን ነበር የምጫነው። ትላንት ጥያቄውን ማሽኑ ውስጥ ሳስገባ እንኳ አልጠረጠርኩም።"

ከዚያ አንዱ ልጅ "እኔም ልዙር ቲቸር" አለ፤ ሁሉም ተነሣ። ተሰለፉ። አንድ በአንድ ብርሃኑ ውስጥ እየገቡ፣ ኳሱን ከፍ አድርገው እየዞሩ፣ ጥፍሯ ብቅ ስትል ዝም እያሉ ያልፋሉ። አልፊያ ጥግ ቆማ ክንዳቸውን ዝቅ የሚያደርጉትን "ከፍ አድርገው፣ ጥላህ እንዳይነካት" እያለች ታስተካክል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያልሰሙትን ድምፅ ያን ቀን ጠገቡት።

ኢህሳን የጥያቄውን መልስ ቀይሮ እንደገና አቀረበው። ሰዓቱ ቆጠረ። ዓምዶቹ ተተከሉ፤ አረንጓዴ ሃያ ሁለት፣ ቀይ አራት።

ክፍሉ ሃያ ሁለቱን አይቶ ተደሰተ። ሸዋረጋ አራቱን ነበር የምታየው። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አስተማሪያቸው ተሳስቻለሁ ካለች በኋላ እንኳ፣ አራት ቡድን እሷን ለማስደሰት ብሎ አረንጓዴውን አልተጫነም። ያልገባቸውን አልገባንም አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ አግኝታ አታውቅም። ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ኳሱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ ተመለሰችና በእጇ፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ አለች። ስምንት ልጆች መጡ።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ አልፊያን አስቀረቻት። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት በዚያው ባለቀ ድምጿ።

አልፊያ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ሁሉም እንደዚያ ሲሉ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ግን ጨረቃዋን ባየሁ ቁጥር አልሆን አለኝ።"

ሸዋረጋ መምህራን ክፍል ገብታ የተማሪውን መጽሐፍ ገለጠች። መጽሐፉ ልክ ነበር፤ ሥዕሉም ልክ ነበር። እሷ ግን ይህን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የምታስተምረው ከራሷ ማስታወሻ ነው፤ ማስታወሻውን ደግሞ የጻፈችው በሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጉዲሳ ገብቶ፣ "ዛሬ የናንተ ክፍል ጸጥ ብሎብኝ ምን ሆኑ ብዬ ነበር" አላት። መጽሐፉን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። ጉዲሳ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እኔም ጥላ ነው ብዬ ነው የማውቀው" አለ ቀስ ብሎ። ሲነሣ ኢህሳንን ፍለጋ ሄደ፤ ለክፍልፋይ ትምህርቱ ታብሌቶቹን ማክሰኞ ይፈልጋቸዋል።

ከትምህርት ቤት ወጥታ ታክሲ ስትይዝ ሸዋረጋ ማስላት ጀመረች። በዓመት ሁለት ክፍል፤ በሃያ ስድስት ዓመት ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ልጅ በላይ። ሁሉም አድገዋል። ነርስ አሉ፣ ነጋዴ አሉ፣ ሾፌር አሉ፣ እንደ ኢህሳን አስተማሪ የሆኑ አሉ። የእነሱም ልጆች ይጠይቃሉ፤ እነሱም ይመልሳሉ። በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እያየች፣ አንድ ነገር ከአንድ አፍ ወጥቶ ስንት ቤት እንደሚገባ ስታስበው ጭንቅላቷ ዞረ።

ቤቴል ወርዳ መድኃኒቷን ለመውሰድ ፋርማሲ ገባች። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ፋርማሲስት ሄቨን ነበረች፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ያስተማረቻት ልጅ ናት። "ቲቸር፣ ደግሞ ድምፅዎ ምን ሆነ?" ብላ ወረቀቱን ተቀበለቻት።

ሸዋረጋ በሹክሹክታ፣ "ሄቨን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ጨረቃ ለምንድን ነው ግማሽ የምትሆነው?"

"የምድር ጥላ" አለች ሄቨን፤ ዓይኗን ከመድኃኒቱ ሳትነቅል። "እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። በጠመኔ ጎን ሲያሹት አሁንም ይታየኛል።"

ዩኒቨርሲቲ አልፋ፣ የስንቱን መድኃኒት ስም በቃሏ ይዛ፣ ያችን የጠመኔ ጥላ ግን አልጣለቻትም።

"ተሳስቼ ነው" አለቻት ሸዋረጋ። "ዛሬ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስተማረችኝ።"

ሄቨን ቀና አለች። አስተማሪዋ እየቀለደች እንደሆነ ፊቷን መረመረች፤ ቀልድ አልነበረም። መድኃኒቱን አስቀመጠች፤ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ መብራቱን አበራች፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ዞራ ወጣች።

"ያሳዩኝ" አለች።

ሸዋረጋ ስልኩን ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ብርሃኑን ወደ ክፍሉ አዙራ አስቀመጠችው። ሄቨንን ጡጫ አስጨብጣ ክንዷን ዘረጋችላት፤ ከራሷ ከፍ አደረገችላት፤ በሁለት ትከሻዋ ይዛ ቀስ አድርጋ አዞረቻት። ከኋላ ሦስት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ቆመዋል። አንዲት እናት "ምን እያያችሁ ነው?" ብላ ጠየቀች። ሄቨን ዓይኗን ከጡጫዋ ሳታነሣ፣ በቀጭኑ የብርሃን ጠርዝ ላይ ተተክላ፣ "አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ እናቴ" አለቻት።

ሴትየዋ ወደ ፊት ጠጋ ብላ እሷም ማየት ጀመረች።